የሰው ፈረስ በእኛ ግቢ

ይድረስ ለጋሼ፣

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ነርስ ነኝ፤ በሳምንት ሦስት ሌሊት እሠራለሁ። ባለቤቴ ትራክ ይነዳል፤ አንዳንዴ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከከተማ ወጣ ብለን አምስት ኤከር መሬት ያለው ቤት ገዛን። የቀድሞው ባለቤት ከብት ያረባበት ስለነበር አሮጌ በረት እና እሾሃማ የሽቦ አጥር አለው። ዳር ዳሩን ፎል (መኸር) ሲገባ ቅጠላቸው ደም የሚመስል ሜፕል ዛፎች ቆመውበታል።

ባለፈው ወር ጎረቤቴ እንደነገረችኝ፣ ሸሪፉ ከአንድ እርሻ በረሃብ የተጎዱ ፈረሶች ወስዶ ለሬስኪው፣ የተጎዱ እንስሳትን ለሚያነሳው ድርጅት፣ አስረክቧል። ሬስኪው ደግሞ ቦታ ስለሞላበት ፎስተር የሚያደርግ፣ ማለትም ለጊዜው በአደራ የሚያኖር ቤት ይፈልጋል። የአንዱን ፎቶ አሳየችኝ። አጥንት ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

አባቴ ደብረ ዘይት ጋሪ ነጂ ነበር። ያደግነው በፈረሱ ላብ ነው። ፈረሱ አንካሳ ሆኖ ጋሪ መሳብ ሲያቅተው፣ አባቴ አንድ ማታ ከከተማው ዳር ወስዶ ለቀቀው። ሌሊቱን ጅብ ሲጮህ ሰማን። ቤት ውስጥ ማንም ምንም አላለም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ባለቤቴ "የራሳችን ሳይሞላ የሰው ፈረስ ልንቀልብ ነው?" ይለኛል። ልጆቼ የ8 እና የ11 ዓመት ናቸው፤ ከአሁኑ ስም አውጥተውለታል። እኔ ግን ከአባቴ ጋሪ በቀር ፈረስ አጠገብ ቆሜ አላውቅም። እችላለሁ? ስንት ያስወጣናል? ደግሞስ ከለመድነው በኋላ መጥተው ሲወስዱት ምን ልንሆን ነው?

የጋሪ ነጂው ልጅ

እህቴ፣

መልሱን ከፊት ላስቀምጥልሽ። ትችያለሽ። ግን በፎቶ ያየሽውን ፈረስ አይደለም። ቢያንስ መጀመሪያ እሱን አይደለም።

ለምን እንደምልሽ በራሴ ጥፋት ላስረዳሽ።

እኔና ባለቤቴ ሜሪላንድ ውስጥ ፎስተር ማድረግ ከጀመርን ስምንት ዓመት ሆነን። የመጀመሪያዋ ዳማ ቦራ ባዝራ ነበረች። አርብ ማታ ከተጎታቹ ስትወርድ ጎድኗን አንድ፣ ሁለት ብለሽ ትቆጥሪዋለሽ። ዳሌዋ ላይ ኮት ብትሰቅይ ይንጠለጠላል። ሬስኪው አንድ ገጽ መመሪያ ሰጠን፤ ፍሪጁ ላይ ለጠፍነው። በእንግሊዝኛ ነው።

በዚያ ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ጠዋት ስነሳ አልጋዋ ላይ የለችም። ወደ በረቱ ብሄድ ነጠላዋን አደግድጋ፣ የፕላስቲክ ባልዲ ይዛ ቆማለች። ባልዲው ውስጥ ገብስ ነበረ፤ ለበሶ ልትቆላው ያስገዛችን ገብስ። "አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ" ትላታለች። ባዝራዋ ባልዲውን ልሳ ጨርሳለች።

አንቺ ነርስ ስለሆንሽ ይሄ ነገር ወዴት እንደሚሄድ ገብቶሻል። ሆስፒታል ውስጥ ሪፊዲንግ ሲንድሮም የምትሉት ነው። ለብዙ ሳምንት የተራበ አካል የራሱን ስብና ጡንቻ እየበላ ነው የሚቆየው። ድንገት እህል ሲገባለት ኢንሱሊን ይፈላል። ከደሙ ውስጥ ፎስፈረሱን፣ ፖታሲየሙን፣ ማግኒዚየሙን ጠራርጎ ወደ ሴሎች ያስገባል። ከዚያ ልብ ይደክማል፣ ጡንቻ ይከዳል። ፈረሱ ረሃቡን ችሎ ቆይቶ ምግብ ካገኘ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ይሞታል። ረሃቡ ያልገደለውን እንግዳ ተቀባይነታችን ይገድለዋል ማለት ነው።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በዚህ ላይ ጥናት ተደርጓል። ለክፉኛ የተራበ ፈረስ የተሻለው አልፋልፋ ድርቆሽ ሆኖ ተገኘ፤ ስታርቹ ትንሽ፣ ፕሮቲኑና ማዕድኑ ብዙ ነው። ግን መጠኑን ስሚ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በየአራት ሰዓቱ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የማይሞላ። አንድ እፍኝ ነገር ነው። ከዚያ ቀስ እያሉ እስከ አሥረኛው ቀን ድረስ መጨመር። ፈረሱ ባዶውን መመገቢያ በአፍንጫው እየገፋ ያይሻል፤ አንቺ ደግሞ "ገና ነው" ብለሽ ትሄጃለሽ። የእኛ ሰው ይሄን አይችልም። እንግዳ ጠግቤያለሁ እያለ እንኳ የምናጎርስ ሰዎች ነን።

የእናቴ ባዝራ ቀትር ላይ መሬቱን በፊት እግሯ መጫር ጀመረች። ዞር እያለች ጎኗን ታያለች። ትተኛለች፣ ትነሳለች። አንገቷ በላብ ራሰ። ፋንድያ የለም። ኮሊክ ይሉታል፣ የሆድ ቁርጠት ነው። ሐኪሟ መጥታ የሕመም ማስታገሻ ወጋቻት፣ በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብታ ሆዷን አጠበችላት። ሁለት ቀን ደሟን እየቀዳች ማዕድኑን ተከታተለች። እናቴ ሁለቱንም ሌሊት በረቱ ደጃፍ ወንበር አውጥታ ውዳሴ ማርያም ስትደግም አደረች። ባዝራዋ ተረፈች። ጥፋቱ ግን የእናቴ አልነበረም። ወረቀቱን አንብቤ ያልተረጎምኩላት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ መመሪያውን በአማርኛ ጽፌ በረቱ በር ላይ እለጥፋለሁ። ለቡና የመጣ ሰውም ያነበዋል።

እንግዲህ የአንቺን ቤት አስቢው። በየአራት ሰዓቱ ማለት ሌሊቱን ጨምሮ በቀን ስድስት ጊዜ ነው። አንቺ ሌሊት ዎርድ ውስጥ ነሽ። ባልሽ ኦሃዮ ላይ ትራክ ይነዳል። ልትሰጪው የቀረሽ ሰው የ11 ዓመቱ ልጅሽ ብቻ ነው። አይሆንም።

ስለዚህ ሬስኪውን ስትደውይላቸው የፈረሱን "የሄነኪ ነጥብ" ጠይቂ። በ1983 ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የወጣ መለኪያ ነው፤ ከ1 እስከ 9 ይሄዳል። አንገቱን፣ ጫንቃውን፣ ከትከሻው ኋላ ያለውን፣ ጎድኑን፣ ወገቡን፣ የጭራውን ሥር በእጅ እየዳሰሱ ነው የሚሰጡት። 1 ማለት አጥንት፣ 9 ማለት ዝፍዝፍ ያለ ስብ፣ 5 ደህና ነው። አንቺ 4 ወይም 5 የሆነውን ጠይቂ። 1 እና 2ን ልምድ ላለው ተዪለት።

ከተቻለ ደግሞ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ 15 ወይም 18 ዓመት የሆነው፣ ረጋ ያለ ሰንጋ ፈረስ ይሁን። እንዲህ ያለው ፈረስ አገግሞ፣ ጤናው ተመልሶ፣ ግን ወጣት ስላልሆነ ማንም ሳይወስደው ሬስኪው ውስጥ ወራት ይቀመጣል። ያስጨነቀሽ የፎቶው ፈረስ ቦታ ያጣው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሽማግሌው ወደ አንቺ ሲመጣ አንድ ጋጣ ይለቀቃል፤ እዚያ ጋጣ የሚገባው ያ አጥንቱ የወጣው ነው። በዚያ በኩል ሌሊት የሚነቃለት ሰው አለ። አንቺ በዚህ በኩል ያዢ።

ከመምጣቱ በፊት ሁለት ወር ያህል ቅዳሜ ቅዳሜ ሬስኪው ሄደሽ በነፃ ሥሪ። ፋንድያ ጥረጊ። አፈሳር ማሰር፣ ሰኮና አንስቶ መጥረግ ተማሪ። አንድ ፈረስ ጆሮውን ወደ ኋላ ሲጥል ምን ማለቱ እንደሆነ ካላየሽው ማንም በቃል አያስረዳሽም።

አሁን ወደ ግቢሽ። የጻፍሽው ደብዳቤ ውስጥ ሁለት ነገር አስደንግጦኛል።

አንደኛው ሽቦው። ላም እሾሃማ ሽቦ ሲነካት ወደ ኋላ ትላለች። ፈረስ ግን ሲደነግጥ ወደ ፊት ነው የሚሮጠው፤ እግሩ ሽቦው ውስጥ ከተያዘ ደግሞ እስኪበጠስ ይታገላል። ሽቦው ወይም እግሩ። የሄድኩበት አንድ ቤት ቆዳው ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጉልበቱ እንደ ካልሲ የወረደ ፈረስ አይቻለሁ። ሙሉውን አምስት ኤከር ማጠር የለብሽም። ሁለት ኤከሩን በእንጨት ወይም ሰፊ በሆነ የኤሌክትሪክ ቴፕ አጥሪ፤ ቁመቱ አምስት ጫማ ያህል ይሁን። አሮጌውን ሽቦ ግን ንቀይው፤ ሣር ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር።

ሁለተኛው ያ የምትወጂው ዛፍ። ቀይ ሜፕል ከሆነ፣ ቅጠሉ ሲጠወልግ ለፈረስ መርዝ ነው። ቀይ የደም ሴሉን ያፈርስበታል፤ ሽንቱ ቡና ይመስላል። በዛፉ ላይ ያለው ለምለም ቅጠል ሳይሆን አውሎ ነፋስ ጥሎት የደረቀው ነው ክፉው። ዛፉን ቁረጪ አልልሽም። አጥሩን ከዛፉ አርቂ፤ ነፋስ በነፈሰ ማግስት ደግሞ ወርደሽ እይ።

በረቱ ሦስት ግድግዳና ጣሪያ ካለው ይበቃል። ፈረስ ከዝናብና ከነፋስ መሸሸጊያ ነው የሚፈልገው። ብርድን ከአንቺ ይልቅ ይችላል። የማይችለው የቀዘቀዘ ውሃ ነው። በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል። ውሃው በረዶ ሲሠራ መጠጣት ይቀንሳል፣ ድርቆሹ አንጀቱ ውስጥ ይደርቃል፣ ተመልሰን ኮሊክ ውስጥ ነን። የውሃ ገንዳ ማሞቂያ ግዢ።

ደግሞ ፈረስ ብቻውን አይኖርም። የመንጋ እንስሳ ነው። ብቻውን ሲሆን አጥር ዳር ወዲያ ወዲህ ሲል ይውላል፣ ያሽካካል፣ አንዳንዱ ምግብ ይተዋል። ስለዚህ ወይ ሁለት ትወስጃለሽ፣ ወይ ጓደኛ የሚሆነው ትንሽዬ ፈረስ ወይም አህያ አብረው እንዲሰጡሽ ትጠይቂያለሽ። ባልሽ ይሄን አንቀጽ ሲያነብ እዚያ እንዳልኖር።

ባልሽ ግን ልክ ነው። ሒሳቡን መጠየቁ ክፋት አይደለም። አንድ 450 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን 9 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ይበላል። አንዱ እስር 20 ኪሎ ገደማ ነው፤ በወር 13 ወይም 14 እስር። እኔ ባለፈው የገዛሁት አንዱ 9 ዶላር ነበር። ለሁለት ፈረስ እጥፍ አድርጊው። ሣር በደህና በሚበቅልበት ወራት ይቀንሳል። በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ ሰኮና የሚሞርድ ሰው ይመጣል፤ እዚህ ፋሪየር ይሉታል። እኔ ለአንድ ፈረስ 55 ዶላር እከፍላለሁ። ጥርስ በዓመት አንዴ ይሞረዳል፣ ክትባት አለ። ከባዱ ግን ድንገተኛው ነው። የኮሊክ ቀዶ ሕክምና አሥር ሺህ ዶላር ሲያልፍ አይቻለሁ።

ስለዚህ ውሉን አንብቢ። ውሉ ላይ የፈረሱ ባለቤት ሬስኪው ነው፤ አንቺ ባለአደራ ነሽ። አብዛኛውን ጊዜ የሐኪሙንና የፋሪየሩን እነሱ፣ ምግቡን አንቺ ትችያለሽ። ግን ሁሉም ቤት አንድ አይደለም፤ በጽሑፍ ይሁን። ኮጊንስ የሚባለውን የፈረስ የደም ምርመራ ወረቀት፣ የክትባቱን ዝርዝር ተቀበይ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚነሳ ስልክ ቁጥር ይስጡሽ፤ ከመፈረምሽ በፊት አንድ ሌሊት ደውለሽ ሞክሪው። አላበዛሁትም። የቤት ኢንሹራንስሽንና የካውንቲውን ሕግም አስቀድመሽ ጠይቂ።

ለባልሽ አንድ የሚያስደስት ነገር ልስጠው። በ2011 የአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት ካሊፎርኒያ ውስጥ ድመቶች በቤቷ ፎስተር ታደርግ ለነበረች ሴት ፈርዶላታል። ለበጎ አድራጎት ድርጅት ስትል ከኪሷ ያወጣችው ከታክስ እንደሚቀነስ ስጦታ ተቆጠረላት። 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነው ግን ከድርጅቱ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ታክስ ስታሳውቁ ተቀናሾችን በዝርዝር የምታስገቡ ከሆነ የድርቆሹን ደረሰኝ አትጣሉ፤ የሂሳብ ሠራተኛችሁን አማክሩ።

ውሉ ውስጥ ሰዎች ዘለው የሚያልፉት አንድ መስመር አለ። ፈረሱ መዳን ካልቻለ ማን ይወስናል የሚለው። ወስኖ የሚፈርመው ሬስኪው ነው። አፈሳሩን የምትይዢው ግን አንቺ ልትሆኚ ትችያለሽ። ሐኪሙ መርፌውን አንገቱ ላይ ይወጋዋል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

ይሄን ያነሳሁት ስለ አባትሽ ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ክፉ ቃል አልተጠቀምሽም፤ አባትሽ ላይም አልፈረድሽም። ግን የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ እስካሁን ጅቡን ትሰማለች። አባትሽ እጅ ላይ ያ መርፌ አልነበረም። በዚያ ማታ ፈረሱን ብቻ አይደለም የሸኘው፤ የነገውን እንጀራ ጭምር ነው። አጉል አባባይ እንዳልሆንብሽ፦ የምትወስጂው ፈረስ የአባትሽ ፈረስ አይደለም። ያንን ዕዳ በዚህኛው ልክፈል ካልሽ እንዲወፍር ትቸኩያለሽ፣ እንዲወድሽ ትቸኩያለሽ፣ ሊወስዱት ሲመጡም ሌላ ሰው ከተማ ዳር የሚጥለው ይመስልሻል። የጋሪ ፈረሶችን ነገር በቀጥታ መርዳት ካማረሽ ስፓና የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ቢሾፍቱ ላይ የጋማ ከብት ያክማል። አንድ ዶላር እዚያ ከዚህ የበለጠ ይሠራል። ሁለቱን አታደባልቂያቸው፤ ሁለቱንም ማድረግ ግን ትችያለሽ።

ልጆቹን በአጭሩ። አይጋልቡትም፤ አብዛኛው ውል ይከለክላል። ከኋላው አይጠጉም። ገመድ እጃቸው ላይ አይጠመጥሙም፤ ይሄን በየቀኑ ንገሪያቸው፣ እኔ ራሴ አንድ ጣቴ አሁንም ጠማማ ነው። ስሙን በተመለከተ ደግሞ ፈረሱ ስም ይዞ ይመጣል። እኛ አገር እንዲያውም ጌታው ነበር በፈረሱ የሚጠራው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። ልጆችሽ እነሱ አባ ማን እንደሚባሉ ያስቡበት።

የመጨረሻው ጥያቄሽ፣ ሲወስዱት ምን እንሆናለን ያልሽው። ታለቅሳላችሁ። ሌላ መልስ የለኝም። እዚህ ፈረሱን ሳይመልስ የራሱ ያደረገውን ሰው "ፎስተር ፌይል" እያሉ ይቀልዱበታል። እኔም አንዴ ወድቄያለሁ፤ ውጪ ቆሞ ያየኛል። ችግሩ አንዱን ባስቀረሽ ቁጥር ለሚቀጥለው ቦታ አለመኖሩ ነው። ለልጆችሽ ከመጀመሪያው ቀን አደራ እንደሆነ ንገሪያቸው። አደራ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አትፈልጊ፣ በአማርኛው ንገሪያቸው። የሚወስደው ሰው መጥቶ ሲያየው እነሱም ይኑሩ። ምን እንደሚወድ፣ የቱ ጋ ሲያኩት ከንፈሩን እንደሚዘረጋ እነሱ ይንገሩት። ተጎታቹ ላይ ሲወጣ ገመዱን ይዘሽ እስከ በሩ የምትሄጂው አንቺ ሁኚ።

ዳማዋ ባዝራ እኛ ጋ ሰባት ወር ቆይታ ፔንሲልቬኒያ ለሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት ተሰጠች። አሁንም በገና ፎቶ ይልኩልናል። እኔም ለእናቴ አዲስ አበባ እልክላታለሁ። አምና የላክሁትን አይታ ደወለች። ባዝራዋ ክብ ብላለች፣ ጎድኗ አይታይም፣ ዳማው ቆዳዋ ያብለጨልጫል። እናቴ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና "አሁንስ ገብስ ይፈቀድላታል?" አለችኝ።